ለመንገድና ለክፉ ቀን የሚሆን ቀላል ድንኳን ስለ መምረጥ

ሰው ከቤቱ ርቆ ሲያድር ሦስት ጠላቶች ይገጥሙታል፤ እነርሱም ራብ፣ ጥምና ብርድ ናቸው። ለራቡ ስንቅ ይቋጥራል፤ ለጥሙ ውኃ ይቀዳል፤ ለብርዱ ግን ብዙ ጊዜ «ለአንድ ሌሊት ምን አለ?» ብሎ ባዶ እጁን ይነሣል። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን ሊቆይ ሲችል፣ ርጥብ ልብስ ለብሶ በነፋስ ውስጥ የሚያድር ሕፃን ግን በአንዲት ሌሊት ብቻ ለሞት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ስንቅ ማዘጋጀት የቤተሰብ ጥበብ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ማደሪያ ማዘጋጀትም ከዚያ የማያንስ ጥበብ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሰርግና ስለ ልቅሶ ድንኳን አይደለም። ያ ድንኳን በብዙ ሰው ጉልበት የሚተከል፣ በመኪና የሚጫን፣ የዕድር ንብረት ነው። እዚህ የምንመለከተው አንድ አባት ወይም አንዲት እናት በጀርባቸው ተሸክመው ሊጓዙበት የሚችሉትን፣ ጨለማ ቢሆንም ያለ ብዙ ረዳት ሊተክሉት የሚችሉትን ትንሽ መጠለያ ነው።

ድንኳን በአገራችን እንግዳ ነገር አለመሆኑ

በግዕዝ «ደብተራ» ማለት ድንኳን ማለት ነው። የዜማና የቅኔ ሊቃውንት በዚህ ስም መጠራታቸው በደብተራ ኦሪት ያገለግሉ ከነበሩት ካህናት የተወረሰ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ኦሪት ዘጸአት ስለዚያች ድንኳን ሲተርክ ከፍየል ጠጕር የተሠሩ 11 መጋረጃዎች እንደ ነበሩባትና የእያንዳንዱም ርዝመት 30 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ እንደ ነበረ ያስረዳል። የፍየል ጠጕር መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ክሩ ዝናብ ሲነካው ያብጥና በክርና በክር መካከል ያለው ቀዳዳ ይጠባል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ አየር ያስገባል። የዛሬ ፋብሪካዎች በብዙ ድካም የሚፈልጉት ዝናብ የሚከለክልና አየር የማይከለክል ጨርቅ፣ በበረሃ ሰዎች እጅ ከጥንት ጀምሮ ነበረ።

«ከተማ» የምንለው ቃልም ቢሆን አስቀድሞ የሠራዊትና የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በነበሩት ዘመናት የነገሥታቱ መኖሪያ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። እንግዲህ ድንኳን መትከል ለእኛ የተረሳ እንጂ ያልታወቀ ጥበብ አይደለም።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ ለሐረር ሰው የሚቀርበው ትምህርት በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ይገኛል። ከሐረር ወደ ባቢሌና ወደ ጅግጅጋ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ጎባጣ የሆነ፣ በሰሌን የተሸፈነ ቤት ያያል። ስሙ አቃል ይባላል። አጥንቱ የጎበጠ የግራር ሥር ነው፤ ልብሱ ሴቶች ከግራር ልጥና ከሣር የሚሠሩት ምንጣፍ ነው። ቤቱን የሚተክሉትና የሚነቅሉት ሴቶቹ ናቸው። ጉዞ በሆነ ጊዜ ያ የጎበጠ እንጨት በግመሉ ጀርባ ላይ ታስሮ የጭነት ኮርቻ ይሆናል፤ ምንጣፉም ከኮርቻው ሥር የግመሉን ጎን ከቁስል ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት ቤቱ ራሱ የመጫኛ ዕቃ ሆኖ ይጓዛል።

ከዚህ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። 1ኛ፣ መጠለያ የሚመዘነው በሚሸከመው ጀርባ ነው። 2ኛ፣ መንገደኛ የሚይዘው ዕቃ ሁሉ ከአንድ በላይ አገልግሎት ቢኖረው መልካም ነው። 3ኛ፣ ድንኳኑን የሚተክለው እጅ አስቀድሞ የለመደው መሆን አለበት። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ የሚወጣ ነው።

ሁለቱ የቁልቢ ሌሊቶች

በሐረር፣ በድሬዳዋና በአካባቢው የሚኖሩ ምእመናን ከቤት ውጭ ለማደር የሚነሡበት ዋናው ምክንያት የቁልቢ ገብርኤል በዓል ነው። ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ከድሉ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። ዛሬ ከመላው ኢትዮጵያና ከባሕር ማዶ ሕዝብ ይመጣል። ብዙው በመኪና ቢመጣም፣ ከሐረር በአወዳይና በሐረማያ አልፎ፣ ከድሬዳዋም ዳገቱን ወጥቶ በእግሩ የሚሄደው ጥቂት አይደለም። ስእለት ያለባት እናት በዚያ የተወለደላትን ሕፃን ይዛ ለክርስትና ትመጣለች። ስለዚህ በኮረብታው ላይ ከሚያድሩት መካከል አራስ ልጆችና ሽማግሌዎች እንዳሉ መርሳት አይገባም።

በዓሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን። እነዚህ ሁለት ቀኖች በስም አንድ ቢሆኑም በሌሊታቸው ፈጽሞ ይለያያሉ። የታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ የጠራ፣ ዝናቡ የራቀ፣ ብርዱ ግን የበረታ ነው። ቁልቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ደጋ ስለ ሆነ፣ ምድሩ በቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል፤ ጧት ሣሩ በጤዛ ርሶ ይገኛል። የሐምሌ ሌሊት ደግሞ ደመናው ምድሩን እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው ብርዱ ጥቂት ይለዝባል፤ ነገር ግን ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች፣ ነፋሱ ከጎን ይመጣል።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው። ለታኅሣሥ የሚበልጠው ጕዳይ ከሥር የሚነጠፈው ነው፤ ለሐምሌ የሚበልጠው ከላይ የሚወጠረው ነው። ብዙ ሰው ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዝግጅት ያደርጋል፤ በታኅሣሥ ወፍራም ሸራ ተሸክሞ በባዶ መሬት ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል፤ በሐምሌ ብዙ ብርድ ልብስ ይዞ ሁሉም በዝናብ ይርሳል። የረጠበ ብርድ ልብስ ደግሞ ሸክም እንጂ ልብስ አይደለም፤ ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳልና።

የጨርቁ ዓይነት

በገበያ የሚገኘውን የመጠለያ ጨርቅ በአራት መክፈል ይቻላል።

መጀመሪያው ከጥጥ የተሠራው ወፍራም ሸራ ነው። ጠንካራ ነው፤ ፀሐይን ይችላል፤ ብልጭታ ቢነካው ቶሎ አይቀልጥም፤ አየርም ያሳልፋል። ክብደቱ ግን ከባድ ነው። አንድ ካሬ ሜትሩ 350 ግራም የሚመዝን ሸራ ብንወስድ፣ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነው 12 ካሬ ሜትር ስለሚሆን 4 ኪሎ ከ200 ግራም ይመዝናል። ያውም ደረቅ ሳለ ነው፤ ዝናብ ከጠጣ ክብደቱ በእጅጉ ይጨምራል። ስለዚህ ለመኪና መንገደኛ እንጂ ለእግረኛ አይመከርም።

ሁለተኛው ሰው «ላስቲክ» እያለ የሚጠራው፣ በፕላስቲክ ክር ተሸምኖ በሁለት ወገን ፕላስቲክ የተለበጠው ሸራ ነው። ለተፈናቃዮች የሚታደለው የዚህ ዓይነት ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ልክ 4 ሜትር በ6 ሜትር ሲሆን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። በገበያ ደግሞ ከዚያ የሳሳ፣ 3 በ4 የሆነ፣ ከ2 ኪሎ የማይበልጥ ይገኛል። ርካሽ ነው፤ ውኃ አያስገባም፤ በቀላሉ ይጠገናል። ጉድለቱ አየር አለማሳለፉና ፀሐይ እያደር ማድረቁ ነው። በጣቶች መካከል ሲታሽ የሚፈረፈር ወይም ነጭ መሥመር የሚያወጣ ከሆነ ፀሐይ የበላው ነውና አትግዙት።

ሦስተኛው ከውጭ አገር የሚመጣው፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ዘንግ ያለው የናይለን ድንኳን ነው። ለሁለት ሰው የሚሆነው ብዙውን ጊዜ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲገዛ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ግድግዳው ድርብ ነው ወይስ ነጠላ? ነጠላ ከሆነ የሰዎቹ እስትንፋስ በቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ጤዛ ይሆንና ሌሊት ይንጠባጠባል፤ ድርብ ከሆነ ጤዛው በውጩ ጨርቅ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ዘንጉ የአሉሚኒየም ነው ወይስ የፋይበር? የፋይበሩ ርካሽ ቢሆንም ሲሰበር ይሰነጣጠቃል። ሦስተኛ፣ በምልክቱ ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቍጥር ይገኛል። ይህም ጨርቁ ሳያፈስ የሚችለው የውኃ ዐምድ ቁመት ነው። ለጣራው 1,500 ይበቃል፤ ለወለሉ ግን የሰው ክብደት ጨርቁን በርጥብ መሬት ላይ ስለሚጫነው ከዚያ የበለጠ ያስፈልጋል።

አራተኛው በጣም ስስ የሆነው፣ በሲሊኮን የተለበጠ ናይለን ነው። ካሬ ሜትሩ 50 ግራም ያህል ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ 3 በ4 የሆነው 600 ግራም ይመዝናል፤ ይኸውም ከላይ ካሰብነው የጥጥ ሸራ ሰባት እጅ ይቀላል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚወድዱት ይህን ነው። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ እሾኽ ይወጋዋል፤ በአገራችን ገበያም እምብዛም አይገኝ። በባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ቤተሰብ «ምን ልላክላችሁ?» ሲባል ቢጠይቀው የሚያስመሰግን ስጦታ ነው።

አንድ ትንሽ ስሌት

ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት ሒሳብ ለቤት እንዲጠቅም የሚከተለውን አብረው ይሥሩት።

አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሸራ አለው እንበል። በሁለት ምርኩዝ ወይም በሁለት ዛፍ መካከል ገመድ ወጥረን ሸራውን ብናለብሰው፣ 4 ሜትሩ ርዝመት ይሆናል፤ 3 ሜትሩ ለሁለት ተከፍሎ በየጎኑ 1 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ገመዱ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ የሸራው ጎን፣ ቁመቱና መሬቱ ባለ ቀጥታ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የጎኑ ካሬ 2.25፣ የቁመቱ ካሬ 1 ነው፤ ልዩነቱ 1.25 ነው፤ የዚህም ሥር 1.12 ያህል ነው። በሁለቱ ወገን ሲደመር ወርዱ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ብንሰጥ፣ አምስቱ ጎን ለጎን 3 ሜትር ይይዛሉ፤ የቀረው 1 ሜትር ለስንቅና ለጫማ ይሆናል። እንግዲህ ከ2 ኪሎ የማይበልጥ ሸራ አምስት ነፍስ ያሳድራል ማለት ነው። ጫፉ ክፍት ሆኖ ቢቀር ጃንጥላ ወይም ጋቢ ይዘጋዋል።

ለብዙ ቀን መኖሪያ ግን ይህ አይበቃም። ለተፈናቃዮች የወጣው ዓለም አቀፍ ልክ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሜትር ተኩል ካሬ የተሸፈነ ወለል ይጠይቃል፤ ለአምስት ሰው 17 ካሬ ሜትር ተኩል ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ትልቁ የዕርዳታ ድንኳን ውስጡ 16 ካሬ ሜትር ሆኖ 55 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህ የመኪና እንጂ የጀርባ ሸክም አይደለም። ስለዚህ አንዱን ለሁለቱም አገልግሎት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ያጣል።

የሸክሙም ልክ እንዲሁ ይታሰብ። ጤነኛ አዋቂ ለረጅም መንገድ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይሻለዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው። ውኃው በሊትር 1 ኪሎ ነው፤ ስንቁና ልብሱ ተጨምሮ ሲታይ ለመጠለያ የሚተርፈው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ድንኳን ምንም ቢያምር ቤት ይቀራል፤ ቤት የቀረ ድንኳን ደግሞ ማንንም አያስጠልልም።

ከሥር የሚነጠፈው

ብርድ ከላይ ይልቅ ከታች ይገባል። ምድር የተኛውን ሰው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ትጠጣዋለች፤ ከሰውነት በታች የተጨፈለቀ ብርድ ልብስም አየሩ ስለሚወጣ ሙቀት መያዙ ይቀንሳል። አባቶቻችን ቁርበት፣ ሰሌንና ጉዝጓዝ ሣር የሚያነጥፉት ይህን ዐውቀው ነው። ቁርበት ለእግረኛ ይከብዳል፤ ሰሌን ግን ቀላል ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ስፖንጅ ተጠቅልሎ በሻንጣ ጎን ሊታሰር ይችላል። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ከተገኘ አራት ጣት ያህል ጎዝጉዞ በላዩ ላስቲክ መዘርጋት ከማንኛውም ፍራሽ አያንስም። ለሕፃንና ለሽማግሌ ሁለት ብርድ ልብስ ካለ አንዱ ከሥር ይነጠፍ።

በመኪና ግርግር የሚሠራ ሥራ

የፋብሪካ ድንኳን መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ አይዘን። በጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ በሚወርደው፣ ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ተብሎ በሚጠራው መንገድ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች የሐረር ጌጥ ናቸው። ላስቲኩን ወይም ሸራውን ገዝቶ ለእነርሱ በመስጠት ዳር ዳሩን በድርብ እንዲቀምቅሙት፣ በአራቱ ማዕዘንና በየጎኑ መካከል ከጠንካራ ጥብጣብ የተሠራ ማንገቻ እንዲሰፉበት ማድረግ ይቻላል። ሸራ የሚቀደደው መካከሉ ላይ አይደለም፤ ገመድ በሚታሰርበት ጠርዝ ላይ ነው። ማንገቻው በሚሰፋበት ቦታ ከውስጥ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ይደረብበት። ካስማው ከብረት ዘንግ ወይም ከወይራ እንጨት ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመትና የሾለ ጫፍ ይበቃዋል። ለአውታሩ የናይለን ገመድ 20 ሜትር ይያዝ።

ዕቃው ከተዘጋጀ በኋላ በግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ተተክሎ በባልዲ ውኃ ይፈስስበት። የሚያፈስስ ስፌት ከተገኘ ሻማ ቢታሽበት ጥቂት ይረዳል። ቀጥሎም አባት ወይም እናት ዐይናቸውን በነጠላ አስረው ይትከሉት፤ ልጆቹ ይሥቁ ይሆናል፤ ነገር ግን በሐምሌ ጨለማ፣ በዝናብ ውስጥ የሚሠራው እጅ ያን ጊዜ የተማረውን ያስታውሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

የሚተከልበት ቦታ

ጥሩ ድንኳን በክፉ ቦታ ከተተከለ ክፉ ድንኳን ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 4 በ6 በሆነ ሸራ ላይ ቢወርድ 480 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ወገን መውረድ አለበት። ስለዚህ ጥቂት ተዳፋት ያለው፣ ሣር የለበሰ ቦታ ይመረጥ፤ ጐድጓዳ ቦታ ለስላሳ ቢመስልም ሌሊት ኵሬ ይሆናል። የድንኳኑ ጀርባ ወደ ነፋሱ፣ በሩ ወደ ጸጥታው ይዙር። ከአሮጌ ባሕር ዛፍ ሥር አይሁን፤ ነፋስ ቅርንጫፉን ይጥላልና።

ከሁሉ በላይ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር ክልክል ነው። የድሬዳዋ ሰው ይህን በመራራ ትምህርት ዐውቆታል። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ነገር ግን ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በላይኛው ደጋ የጣለው ዝናብ በተኛው ሕዝብ ላይ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ በሺህ የሚቈጠረውንም ቤት አልባ አደረገው። በከተማው የሚዘንበው ብቻ ሳይሆን ርቆ በተራራው ላይ የሚዘንበው ይገድላል።

በሐረር አካባቢ ለሚያድር ሌላም ጥንቃቄ አለ። ጅብ በከተማችን የታወቀ እንግዳ ነው። የሥጋ ስንቅ፣ ቅቤና ቁርበት ከሚተኙበት ቦታ ርቆ በዛፍ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ በሩ ይዘጋ፤ ልጆች ወደ መካከል ይተኙ። ወደ ቁንዱዶ ተራራ የሚወጡ ተማሪዎች ይህን ከማሰብ ጋር ብርዱንም ያስቡ። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ከሐረር 1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል፤ በየ1,000 ሜትሩም ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

እሳትና ድንኳን

ወደ ቁልቢ የሚሄድ ምእመን ጧፍና ሻማ ይይዛል፤ እናቶችም ለቡና ከሰል ይይዛሉ። ሁለቱም ከድንኳን በር ውጭ ይቅሩ። ናይለንና ላስቲክ እሳት ሲነካቸው ይቀልጣሉ፤ የቀለጠውም በቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። ጧፍ በቤተ ክርስቲያን ይብራ፤ በድንኳን ውስጥ የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ከሰል ከዚህ የከፋ ነው። ነበልባል የሌለው ፍም የደህና ይመስላል፤ ነገር ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም አየር ያወጣል። ሰዎቹ ብርድ ሸሽተው በሩን ሲዘጉ መርዙ ይከማቻል፤ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ የተኛውም ሰው እንደ ተኛ ይሞታል። አብረው ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሴን አመመኝ ካሉ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ወደ ሕክምና ውሰዱ። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ምድጃው ውጭ ይደር። ሕፃን በእናቱ ገላ ይሙቅ እንጂ በከሰል አይሙቅ።

ለክፉ ቀን በቤት የሚቀመጥ

ለበዓል የተዘጋጀው መጠለያ ከበዓሉ በኋላ ሥራ ሊፈታ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ በተንቀጠቀጠ ጊዜ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጥተዋል፤ ንቅናቄውም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። በምሥራቅ ኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በግጭት ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ በላስቲክ ሥር መኖሩን ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ያለ ቀን ቀጠሮ አይሰጥም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ቤት፣ ከበር አጠገብ፣ አንድ ከረጢት ይሰቀል። በውስጡም ሸራው ከነአውታሩና ከነካስማው፣ አንድ ስስ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቢላዋ፣ ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ የልደትና የቤት ማስረጃ ቅጂ ይሁኑ። ገበያ ከተገኘ ከ60 ግራም የማይበልጠው ብልጭልጭ የአሉሚኒየም ብርድ ልብስ ለየሰው አንድ ይጨመር። ከአጠገቡ በየጊዜው ውኃው የሚለወጥ 5 ሊትር ጀሪካን ይቀመጥ። ከረጢቱን ማን እንደሚያነሣ፣ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝ፣ ሽማግሌውን ማን እንደሚመራ አስቀድሞ በቤተሰብ ይወሰን።

ከጉዞ የተመለሰ ድንኳን እንደ ረጠበ አይጠቅለል፤ ሻጋታ ይበላዋል። ጭቃው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ በጥላ ይድረቅ፤ ናይለኑ በዕለት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አይዋል። አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከሐምሌና ከታኅሣሥ በዓል በፊት ባሉት ሳምንቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ቢፈተሽ፣ በዓሉ ራሱ ማስታወሻ ይሆናል።

የሐረር ግንብ በሮች እንደ መሸ ይዘጉ በነበረበት ዘመን፣ ዘግይቶ የደረሰ ነጋዴ እስኪነጋ ከውጭ ያድር ነበር፤ ስለዚህም ማደሪያውን በግመሉ ጀርባ ይዞ ይመጣ ነበር። ዛሬ በሮቹ አይዘጉም፤ የሚዘጋብን በር ግን ጎርፍ፣ መናወጥ ወይም የመኪና ብልሽት ሊሆን ይችላል። ሸራው ውድ ባይሆን፣ ስፌቱ ባያምር ግድ የለም፤ ዋናው ቀላል መሆኑ፣ ደረቅ መሆኑና የቤተሰቡ ሁሉ እጅ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ሰፋ ያለ ሆኖ አንድ ቦታ ከተረፈውም ያልተዘጋጀውን ጎረቤት ያስጠጋበት።